«አንተ» ያልኳቸው ሽማግሌ

በአያቴ ቤት ከበሩ ጀርባ፣ መጥረጊያው በሚቀመጥበት ጥግ፣ ጆሮዋ የተሰበረ አንዲት ስኒ ነበረች። ከሌሎቹ ስኒዎች ጋር ረከቦት ላይ አትደረደርም፤ አብራቸውም አትታጠብም። የምትወጣው በዓመት አንድ ጊዜ፣ የመስቀል በሬ ታርዶ ቆዳው በተወጠረ ማግስት፣ ፋቂው ሲመጣ ብቻ ነበር። ቡናውን የማደርስለት እኔ ነበርኩ። ስኒዋን አጠገቡ መሬት ላይ አስቀምጬ እመለሳለሁ እንጂ በእጁ አላቀብለውም ነበር። እንዲህ አድርግ ብሎ ያዘዘኝ ሰው መኖሩን አላስታውስም፤ ልጅ እንዲህ ያለውን ነገር ሳይነገረው ይማረዋል።

አያቴ ንግግሯን የምትጠነቅቅ ሴት ነበረች። የሠፈር ሽማግሌ በአጥራችን ሥር ሲያልፍ ከተቀመጠችበት ትነሣለች፤ በዕድሜ ልጇ ሊሆን የሚችለውን መምህር እንኳ «እርስዎ» ትለዋለች፤ እኛ ልጆች ታላቅን «አንተ» ስንል ከሰማች ከንፈሯን ነክሳ ትገሥጸን ነበር። ፀጉሩ የሸበተውን፣ ምናልባትም በዕድሜ የሚበልጣትን ፋቂ ግን «አንተ» ትለው ነበር። እኔም ገና የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ «አንተ፣ ቡናህ» እለው ነበር። እርሱም «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ስኒዋን በሁለት እጁ ያነሣት ነበር። ለብዙ ዓመታት ስትከነክነኝ የኖረችው ይህች «አንተ» ናት። ከዚህ በኋላ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «እርሳቸው» እላቸዋለሁ።

ነገሩ የሆነው በ1980ዎቹ፣ በሐዲያ ምድር ባለች ትንሽ የገበያ ከተማ ነው። እርሳቸው ሲመጡ በትከሻቸው አንድ ያረጀ ስልቻ ያንጠለጥላሉ። በውስጡ በላብና በዕድሜ ብዛት የጠቆረ የእንጨት መያዣ፣ አንድ ትንሽ ብረት፣ ጥቂት የሚያብረቀርቁ ጥቁር ድንጋዮች ይኖራሉ። ድንጋዩ ባልጩት ነው። በብረቱ ሲመቱት ስስ ስባሪ እየተላጠ ይወድቃል፤ ድምፁም እንደሚሰበር ብርጭቆ ነው። ከስባሪዎቹ አንዱን ይመርጡና ጠርዙን ቀስ እያሉ በመቀጥቀጥ ያስተካክሉታል፤ ከዚያም በእሳት በለሰለሰ የዛፍ ሙጫ ከመያዣው አፍ ላይ ይተክሉታል። ቆዳውን ውኃ ያርከፈክፉበትና መያዣውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ከላይ ወደ ታች ይስቡታል። ነጩ ስብና ሽፋን እየተጠቀለለ እግራቸው ሥር ይወድቃል።

ጥቂት ከፋቁ በኋላ ቆም ይላሉ። ድንጋዩ ሲደነዝዝ ከመያዣው ሳያወጡት ጠርዙን በብረቱ ነካ ነካ ያደርጉታል፤ ይስላል። ከመያዣው አፍ ብቅ የሚል ነገር እስኪጠፋ ድረስ እንዲህ ሲሳል ይቆይና ይነቀላል፤ ሌላ ይተካል። ሥራው ሲያልቅ መሬት ላይ የቀረውን ስባሪ ሁሉ፣ ደቃቁን ጭምር፣ አንድ በአንድ ለቅመው በአሮጌ ቅርጫት ይሰበስቡና ከእንሰቱ ጀርባ ባለች ጉድጓድ ውስጥ ይደፉታል። ለምን እንደዚያ እንደሚያደርጉ አንድ ቀን ስጠይቃቸው «ባዶ እግራችሁን ስትሮጡ እንዳይቆርጣችሁ» አሉኝ። ያኔ የምንሮጠው ከኋላቸው «ፋቂ! ፋቂ!» እያልን ነበር።

መስታወቱ ውስጥ ያለው ድንጋይ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር መልካ ቁንጡሬ ሄድኩ። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በአዋሽ ዳር የሚገኘው ይህ ሥፍራ እ.ኤ.አ. በ1963 ለምሁራን ከታወቀ ወዲህ ቁፋሮው ከአንድ የተመራማሪዎች ትውልድ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ቆይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ከአጎራባቹ ባልጭት ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ባልጭት ስሙን ያገኘው ከድንጋዩ ነው፤ መሬቱ በጥቁር ባልጩት ስባሪ የተዘራ ይመስላል። እዚያው አካባቢ፣ ሲምቢሮ በሚባለው ቦታ፣ ከ1.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት የነበሩ ፍጡራን ከዚህ ለመቅረጽ አስቸጋሪ ከሆነ መስታወት መሰል ድንጋይ የእጅ መጥረቢያዎችን በብዛት ሠርተዋል።

ባልደረቦቼ በመጥረቢያዎቹ ዙሪያ ቆመው ሲደነቁ እኔ አንድ ጥግ ላይ ካለው የመስታወት ሣጥን ፊት ደርቄ ቀረሁ። ከአውራ ጣቴ ራስ የማይበልጥ፣ አንዱ ጫፉ ክብ ሆኖ በጥቃቅን ምት የተሳለ ጥቁር ድንጋይ ተቀምጧል። ከሥሩ «መፋቂያ» የሚል ተጽፏል። ከሩቅ ዘመን የመጣ ነገር እያየሁ መሆኔን አእምሮዬ ያውቃል፤ ጆሮዬ ግን የአያቴን ግቢ ሰማ፤ ያን የብርጭቆ ስባሪ ድምፅ። «ይህን አውቀዋለሁ» አልኩ ጮክ ብዬ። አስጎብኚው በመጽሐፍ ያየሁት መስሎት ራሱን ነቀነቀ። አያቴ ግቢ ውስጥ ሲሠራበት እንዳየሁ ስነግረው ግን ተጠግቶ ጥያቄ ያዥጎደጉድብኝ ጀመር። መያዣው ምን ይመስል ነበር? ድንጋዩ ከየት ይመጣ ነበር? በአንድ ቆዳ ስንት ድንጋይ ያልቅ ነበር? ሰውዬው ማን ይባሉ ነበር?

የመጀመሪያዎቹን እንደምንም መለስኩ። ለመጨረሻው መልስ አልነበረኝም። «የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል» እንደሚባለው፣ ሰው ባሕር ተሻግሮ ሊያየው የሚመጣውን ነገር እኔ በየዓመቱ በደጄ እያየሁ፣ የሠሪውን ስም እንኳ ሳልጠይቅ አድጌአለሁ።

ድንጋይ ዕድሜውን እንዴት ይናገራል?

ከዚያ ጉብኝት በኋላ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ፤ ባነበብኩም ቁጥር እኒያ ሽማግሌ በማላውቀው ትልቅ ክርክር መካከል ተቀምጠው አገኘኋቸው። ፈረንሳዊው ፍራንሷ ቦርድ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የአውሮፓን የጥንት የድንጋይ መሣሪያዎች 63 ዓይነት አድርጎ መድቦ ነበር። መፋቂያዎቹ ብቻ በቅርጻቸው ብዙ ቦታ ይከፈላሉ። በአንዱ ዋሻ የአንዱ ዓይነት፣ በሌላው የሌላው ዓይነት ሲበዛ፣ ቦርድ ልዩነቱን የተለያዩ ሕዝቦች ልማድ አድርጎ አነበበው። አሜሪካዊው ሉዊስ ቢንፎርድ ደግሞ ሕዝቡ ሳይሆን ሥራው ቢለያይ ነው ሲል ተከራከረው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ሃሮልድ ዲብል ሦስተኛ ሐሳብ አመጣ፤ የተለያዩ ዓይነቶች የተባሉት አንድ መሣሪያ በተለያየ ዕድሜው ላይ ሊሆን ይችላል፤ አዲስ ሲሆን ረጅም፣ ደጋግሞ ሲሳል አጭር ይሆናልና።

ሙት ድንጋይ ይህን ክርክር ብቻውን አይፈታም። መፍትሔው በድንጋይ እየሠራ ያለ ሰው ዘንድ ሄዶ አጠገቡ መቀመጥ ነበር፤ በዓለም ላይ ይህን ማድረግ ከሚቻልባቸው በጣም ጥቂት አገሮች አንዷ ደግሞ ኢትዮጵያ ሆና ተገኘች። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጄምስ ጋላገር ባልጩት የሚጠቀሙ ቆዳ ሠራተኞችን አጠና። ዴዝሞንድ ክላርክና ሂሮ ኩራሺና የአንድን ቆዳ ሠራተኛ ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተከታትለው በ1981 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ስቲቨን ብራንትና ካትሪን ዊድማን በኮንሶና በጋሞ ሠሩ። በ2012 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያዊው አርኪዮሎጂስት ዮናታን ሳህሌ ከባልደረቦቹ ጋር ያሳተመው ጥናት ደግሞ የሐዲያን ቆዳ ፋቂዎች የሚመለከት ነው። ይህን ርእስ ሳየው ወንበሬን ወደ ኋላ ገፍቼ ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

ኢትኖአርኪዮሎጂ የሚባለው ይህ የጥናት መንገድ ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ትዕግሥቱ ግን ብዙ ነው። ተመራማሪው ድንጋዩን ገና ሲተከል ይለካዋል፤ የመሳቡን ቁጥር ይቆጥራል፤ በተሳለ ቁጥር እንደገና ይለካል፤ የተጣለውን ለቅሞ የት እንደተጣለ ይመዘግባል። ከዚህ የተገኘው እኔ በልጅነቴ ቆሜ ያየሁት ነገር ነው፤ መፋቂያ ሲሠራበት ያጥራል፣ ጠርዙም ማዕዘኑን ይለውጣል፤ ስለዚህ ቅርጹ ከሠሪው ሐሳብ ይልቅ የኖረበትን ዘመን ሊነግረን ይችላል። የጋሞው ጥናት ደግሞ ሌላ ጨመረበት። በዚያ ዙካኖና ቱቱማ የሚባሉ ሁለት ዓይነት መያዣዎች አሉ፤ ድንጋዩ ቅርጹን የሚይዘው እንደተተከለበት መያዣ ነው። እንጨት ግን በመሬት ውስጥ ይበሰብሳል። ተመራማሪ እጅ የሚገባው የነገሩ ግማሽ ብቻ ነው፤ የቀረውን ግማሽ የሚያውቀው ሰውየው ነው።

ከሁሉ ይልቅ ያስገረመኝ የኮንሶው ነው። በኮንሶ ቆዳ የሚፍቁት፣ ድንጋዩንም እየፈለጡ የሚስሉት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። በየመጽሐፉ ሥዕል ላይ ጢማም ወንድ ድንጋይ ሲፈልጥ፣ ሴቷ ከኋላ ልጅ ታቅፋ ስትታይ ያደግን ሁላችን ይህን ሥዕል ማን እንደነገረን ልንጠይቅ ይገባናል።

በዝዋይ ሐይቅ አጠገብ ገደሞታ በሚባለው ሥፍራ ከተገኙት ሹል ባልጩቶች አንዳንዶቹ ከ279,000 ዓመት በላይ ዕድሜ አላቸው። ዮናታንና ባልደረቦቹ በ2013 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት ጥናት፣ በድንጋዮቹ ጫፍ ላይ ስንጥቁ ሲሮጥ ጥሎት የሄደውን ረቂቅ ምልክት አይተው የስንጥቁን ፍጥነት አሰሉ፤ ከዚያም በመነሣት ጫፎቹ ተወርውሮ በሚወጋ ጦር ላይ የተተከሉ እንደነበሩ አሳዩ። ባልጩት መስታወት ስለሆነ የተመታበትን ምት አይረሳም። ድንጋይን ከእንጨት ጋር አጣብቆ አንድ መሣሪያ ማድረግ ያን ያህል የቆየ ጥበብ ነው። እኔ በአያቴ ግቢ ሙጫው በእሳት ሲለሰልስ ያየሁት ይህንኑ ጥበብ ነበር።

በሬ የሚታረድበትን ቢላ የሠራልን ጠይብ፣ የምንለብሰውን የሸመነልን ሸማኔ፣ የምንተኛበትን ቁርበት የፋቀልን ፋቂ፤ ሦስቱም መጠሪያዎች ስድብ ሆነው ኖረዋል። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው እየጠሩ መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። ከዚያ አዋጅ በኋላ ከሰማንያ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ የጮኽኩት። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄደን የምንሳለመው መጽሐፍ ገጹ የፍየል ቆዳ ተወጥሮ፣ ተፍቆ፣ ለስልሶ የተገኘ ብራና መሆኑን የነገረኝ አልነበረም። «ወርቅ ላበደረ ጠጠር» ይባላል። እኛ የመለስነው ጆሮዋ የተሰበረ ስኒ ነው።

የልጃቸው መልስ

በቀጣዩ ዓመት ለመስቀል ወደ ትውልድ ከተማዬ ሄድኩ። አያቴ ሰማንያን አልፋለች፤ ዓይኗ ደክሟል፤ ነገር ግን ሁሉን ታስታውሳለች። የዚያን ፋቂ ስም ጠየቅኋት። «ፋቂው ነው የምንለው፣ ልጄ» አለችኝ። ቀጥላም «ስሙን የጠየቀው ሰው ነበር እንዴ?» አለችና ዝም አለች። በዚያ ምሽት ሌላ ነገር አላወራንም።

ልጃቸው ከገበያው ማዶ፣ ወንዙ አጠገብ፣ የአባቱ ቤት በነበረበት ቦታ እንደሚኖር ሰምቼ በማግስቱ ቡናና ስኳር ይዤ ሄድኩ። አሮጌ ማዳበሪያና የስፖንጅ ፍራሽ ይሸጣል። ስልቻውን ማዳበሪያ፣ ቁርበቱን ስፖንጅ እንደተካው ልብ ያልኩት ዕቃዎቹ መካከል ቆሜ ነው። ራሴን አስተዋወቅሁና የአባታቸውን መያዣ ማየት እንደምፈልግ፣ አሠራሩን ካስታወሱም በስልኬ ብቀርጸው ደስ እንደሚለኝ ነገርኳቸው። ስለ መልካ ቁንጡሬ፣ ስለ ገደሞታ፣ ስለ 279,000 ዓመቱ ሁሉ ዘርዝሬ አስረዳሁ። ድምፄ ውስጥ ደስታ ነበር፤ ትልቅ ስጦታ ይዤ የመጣሁ መስሎኝ ነበር። እስክጨርስ በጽሞና አዳመጡኝ።

«አንተ በለኝ» አለኝ በመጨረሻ። «እኩያህ ነኝ፤ አንድ ትምህርት ቤት ነው የተማርነው። እርስዎ ማለት የነበረብህ አባቴን ነበር።»

መልስ አጣሁ። ቀጠለ፤ ድምፁ አልተቆጣም። መጀመሪያ ክፍል የገባ ቀን ስሙን ለመምህሩ ሲናገር ከኋላ «የፋቂ ልጅ!» የሚል ጩኸት እንደተነሣ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮም ከጎኑ የሚቀመጥ እንደጠፋ ነገረኝ። አባቱ ሲሞቱ ዕድር ስላልነበራቸው የቀበሯቸው ሦስት ዘመዶች ብቻ ናቸው። «ከኋላ ከጮኹት ውስጥ አንተ አልነበርክም?» አለኝ። አልነበርኩም ማለት ፈልጌ ነበር። አላስታወስኩም፤ አለማስታወሴም ከመጮኼ የተሻለ ነገር ሆኖ አልታየኝም። «ልሆን እችላለሁ» አልኩት። ስልኬን ወደ ኪሴ መለስኩት።

ያን ሰዓት ደጋግሜ አስበዋለሁ። ምርምሩ ትክክል ነው፤ የተገኘው እውቀት ለሰው ልጅ ሁሉ የሚጠቅም ነው፤ ትዕግሥት ኖሯቸው ከሠሪዎቹ ጋር የተቀመጡትንም አከብራለሁ። ነገር ግን አንድ ሰው በሥራው ምክንያት ዕድሜውን በሙሉ በር ጥግ ተቀምጦ፣ ልጁም በዚሁ ምክንያት ብቻውን ተቀምጦ ካደገ በኋላ፣ ሥራው የሰው ልጅ ታላቅ ቅርስ ነው ብሎ መምጣት ለእርሱ ምን ዓይነት ዜና ነው? እኔ ድንጋዩን በመስታወት ውስጥ እስካየው ድረስ አላከበርኩትም። ክብሩን የሰጠው መስታወቱ ከሆነ፣ ሽማግሌው ዛሬ በሕይወት ኖረው በራችን ቢመጡ ስኒዋን ከየትኛው ጥግ አወጣት ነበር? ይህን ጥያቄ ለራሴ መልሼዋለሁ ብዬ አልዋሽም።

መያዣው የለም። አባቱ በሞቱ ዓመት ከሙጫው ጋር አንድዶታል። «ልጆቼ ሲያገኙት አልፈለግኩም» አለኝ። ባለቤቱ ቡና አፈላች። ስኒዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ነበሩ።

ከእንሰቱ ጀርባ

በማግስቱ ጠዋት ወደ አያቴ ጓሮ ዞርኩ። ጉድጓዷ በአፈርና በቅጠል ሞልታ ከመሬቱ ጋር ተስተካክላለች። ክረምቱ ካጠበው አፈር ላይ ግን ጥቁር ነገር ብልጭ ይል ነበር። ጎንበስ አልኩና እጄን ልሰድ ስል ተውኩት። ከዚህ ሁሉ ንባብ አንድ ነገር በደንብ ገብቶኛል፤ ከቦታው የተነሣ ድንጋይ ከምን ሥር፣ ከምን በላይ እንደነበረ ካልተመዘገበ አብዛኛው ቃሉ ይጠፋል። በዚያች ጉድጓድ ውስጥ መስቀል በመስቀል ላይ ተደርቧል፤ ከታች አጎቴ ከመዳሩ በፊት የታረደው በሬ፣ ከላይ ደግሞ እርሳቸው የመጨረሻውን ቆዳ የፋቁበት ዓመት። የሚያውቅ ሰው በሥርዓት እስኪከፍታት ድረስ ማንም እንዳይቆፍራት አጎቴን ለመንኩት። እዚያ ቦታ የሽንት ቤት ጉድጓድ ለማስቆፈር አስቦ ነበር፤ ወደ ማዶ አዛወረው።

ልጃቸው ሲሸኘኝ የአባቱን ስም ነግሮኛል። በጽሑፍ እንዳላወጣው ጠይቆኛልና አላወጣውም። ለአያቴ ግን ነገርኳት። ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ፤ በከንፈሯም ደገመችው። ከዚያም የማያዩ ዓይኖቿን ወደ በሩ ጥግ መልሳ «ቡናቸውን ያለ ስኳር ነበር የሚወዱት» አለች።